«ፍሬን በጠሰ» ከመባሉ በፊት

ከባድ መኪና ከነተሳቢው ቁልቁለት ላይ ሰው በፈጀ ማግስት የሚነገረው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ፍሬን በጥሶ ነው»። ትራፊክ ፖሊሱ ይለዋል፣ ሬዲዮው ይደግመዋል፣ ሐዘንተኛውም ይህንኑ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አባባሉ የሚስማማው ፍሬኑ በሽቦ፣ በዘንግ ወይም በቀጭን የዘይት ቱቦ ለሚሠራ መኪና ነው። እዚያ በእርግጥ የሚበጠስ ነገር አለ። በንፋስ ፍሬን የሚሄድ ተሳቢ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተበጠሰ ነገር አይገኝም። የሚገኘው የጋለ ታምቡር፣ ያለቀ ሸራ፣ በግራሶ የራሰ ሸራ፣ የተቃጠለ ኩሽኔታ፣ ወይም ከወራት በፊት ሆን ተብሎ የተዘጋ የንፋስ መስመር ነው። «በጠሰ» ሲባል ግን ነገሩ ድንገተኛ ይመስላል፤ የእግዜር ሥራ ይሆንና ጥያቄው እዚያው ይቆማል።

የመንገዱ ታሪክ የሚናገረው ሌላ ነው። የመኪና እግር በድንገት አይሞትም። አስቀድሞ ይሞቃል፣ ያጉረመርማል፣ ይሸታል፣ ያንጠባጥባል። ከሞጆ በአዳማ አድርጎ እስከ አዋሽ በሚወርደው መስመር ላይ ይህን የሚሰማ ሙያ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል።

ሙያው ወደ ስምጥ ሸለቆ የገባው በባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነበር። አዳማም፣ ሞጆም፣ መተሐራም፣ አዋሽም የጣቢያ ልጆች ናቸው። የዚያ ዘመን ፉርጎ ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ኩሽኔታ አልነበረውም። የመንኮራኩሩ ዘንግ ከላዩ ለስላሳ ብረት ተጭኖበት፣ ከሥሩ በዘይት የራሰ ጥጥ እየነካው ይዞር ነበር። ዘይቱ ከደረቀ ሳጥኑ ይግላል፣ ይጨሳል፣ መጨረሻ ላይም ዘንጉ ይቆረጣል። ስለዚህ በዓለም ዙሪያ የባቡር ሥራ ሳጥኑን በእጁ የሚዳስስ፣ መንኮራኩሩን በመዶሻ እየመታ ድምፁን የሚያዳምጥ ሠራተኛ ነበረው። ባቡር ጣቢያ ላይ ሲቆም ተሳፋሪው ይወርዳል ይወጣል፣ የእንፋሎቱ ሞተር ውሃ ይጠጣል፣ በዚያው መሐል እግሩ ይታያል። መቆምና መመርመር አንድ ሥራ ነበሩ።

ቀጥሎ የመጣው ጣልያን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት የወረራ ዓመታት የጣልያን ጦር መንገድ እየቆፈረ፣ በፊያትና በላንቻ እየጫነ አገሩን አቋረጠ። ሹፌሮች «ትሬንታ ኳትሮ» ያሉት ፊያት 634 የዚያ ዘመን መኪና ነው። ወራሪው ተሸንፎ ወጣ፤ ከመካኒኮቹ ብዙዎች ግን ቀሩ፤ ቋንቋቸውም ጋራዥ ውስጥ ቀረ። ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ ታምቡር፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ሞዞ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ፓራውሊዮ፣ ጎሚስታ፣ ቶርኖ፣ ታኮ፣ በየዓመቱ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ቦሎ ሳይቀር የጣልያንኛ ዘር ናቸው። በዚህ ሁሉ የባዕድ ቃል መካከል «ተሳቢ» አማርኛ ሆኖ መቅረቱ ይገርማል። ሰዋስው የተማረ ሰው ተሳቢ ማለት ድርጊቱ የሚያርፍበት መሆኑን ያውቃል። በመንገድም ላይ ነገሩ እንዲያው ነው። ሞተር የለውም፣ ራሱን አይመራም፣ ሲታመም ዳሽቦርድ ላይ መብራት አያበራም፤ ሹፌሩ ካለበት ወንበር ብዙ ሜትሮች ርቆ ብቻውን ይነዳል።

ሙያው የጎለመሰው በ«ኤንትሬ» ዘመን ነው። ፊያት 682 ኤን 3 ለአፍሪካ ገበያ እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ድረስ ሲሠራ የቆየ መኪና ነው። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው አምቼም የዚሁ የፊያት ቤተሰብ ልጅ ነው። እስከ 1990 ዓ.ም. የአገሪቱ ዋና የባሕር በር አሰብ ነበር። ኤንትሬው ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ ጎትቶ የአፋርን በረሃ ያቋርጣል፣ ነዳጅ፣ ማዳበሪያና ብረት ጭኖ ሽቅብ ይመለሳል። ከሹፌሩ ጎን ሁልጊዜ ረዳት አለ።

የረዳትን ሥራ ብዙ ሰው ታኮ ማስገባት ብቻ ይመስለዋል። ዳገት ላይ መኪናው ሲንገታገት ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር እንጨቱን የሚወረውር ጎረምሳ ነው በሁሉም ዓይን የቀረው። ዋናው ሥራው ግን ከዚያ ይበልጣል። መኪናው መተሐራ ወይም ወለንጪቲ ላይ ለሻይ ሲቆም፣ ሹፌሩ ወደ ቤት ሲገባ፣ ረዳቱ ተሳቢውን ይዞራል። ጎማውን በመዶሻ ይመታል፤ ከዚያ የእጁን ጀርባ ወደ ሞዞው ያስጠጋል። እጅ ችሎ የሚቆይበት ሙቀት ደህና ነው። እጅ ካልቻለ፣ «ያ የኋላው ግራ ሞቋል ጋሼ» ይላል፤ ጋሼም ሻዩን ትቶ ይወጣል።

እዚህ ላይ ረቂቅ ዕውቀት አለ። ሙቀቱ ሞዞው መሐል፣ ክዳኑ ላይ ከበረታ ችግሩ ኩሽኔታ ነው። ታምቡሩ ዙሪያ ከበረታ ደግሞ ፍሬኑ አልለቀቀም፣ እየታሸ ነው። ከቁልቁለት በኋላ ሁሉም እግር ሞቆ አንዱ ብቻ ቢቀዘቅዝስ? ሰነፍ ረዳት ይሄኛው ጤነኛ ነው ብሎ ያልፋል። ጎበዙ ግን ከሞቀው ይልቅ የቀዘቀዘውን ይፈራል፤ ምክንያቱም ያ እግር ጨርሶ ፍሬን አልያዘም ማለት ነው፣ ድርሻውን ሌሎቹ ተሸክመውለታል።

ኩሽኔታው ራሱ የጋሪ ዘመድ ነው። ሾጣጣ ጥቅል ያለውን የዛሬውን ኩሽኔታ እ.ኤ.አ. በ1898 በባለቤትነት ያስመዘገበው ሄንሪ ቲምከን አሜሪካ ውስጥ ሠረገላ ሠሪ ነበር። ሠረገላ ሲታጠፍ ጭነቱ ወደ ጎን ይገፋል፤ የተለመደው ኩሽኔታ ያን አይችልም። እሱም ጥቅሎቹን አዘነበላቸው። ዛሬ እያንዳንዱ የተሳቢ ሞዞ እንዲህ ያሉ ሁለት ኩሽኔታዎች ፊትና ኋላ አሉት። በመቂ፣ በዝዋይና በሻሸመኔ ከተሽከርካሪ ተፈትቶ የወጣ አክስልና ኩሽኔታ ፈረስ ወይም አህያ በሚጎትተው ጋሪ ሥር ሲዞር የሚያይ ሰው ዕቃው ወደ ተወለደበት ሥራ መመለሱን እያየ ነው። ባለጋሪው ፍሬን የለውም፤ ስለዚህ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

ጥገናው ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ጎማው በክሪክ ይነሣል፣ ከላይና ከታች ተይዞ ይነቀነቃል፣ ከዚያ በእጅ ይዞራል። ቢንገጫገጭ ላልቷል፣ ቢያጉረመርም አልቋል። ሞዞው ወጥቶ አሮጌው ግራሶ በናፍጣ ይታጠባል። ከመታጠቡ በፊት ግን ግራሶው ራሱ ይነበባል፤ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለበት ብረት እየተበላ ነው፣ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ጥቅሎቹ ወደ ሰማያዊ ከቀየሩ ሙቀቱ ብረቱን ገድሎታል፤ ቢያምሩም አይመለሱም። አንዳንድ ጋራዥ ጥቅሉን አዲስ አድርጎ የውጭውን ቀለበት አሮጌውን ይተዋል። ቀለበቱ በመዶሻ እየተመታ መውጣቱ አድካሚ ነውና። አዲሱ ጥቅል በአሮጌው ጠባሳ ላይ ሲሮጥ ዕድሜው አጭር ነው።

ቀጥሎ ዳዶው ነው። ጎማው እየዞረ ይጠበቃል፣ ከዚያ በጥቂቱ ይለቀቃል፣ ኮፒሊያው ገብቶ ይቆለፋል። ያቺ «በጥቂቱ» የምትባለው ናት ሙያው። ጉልበቱን ለማሳየት አጥብቆ የሚያስር ልጅ፣ ኩሽኔታው ሲሞቅ ብረቱ የሚያብጥበትን ቦታ ነፍጎታል። መኪናው አዳማን ለቆ ቆላ ሲገባ ይቃጠላል።

ትንሹ ዕቃ ደግሞ ትልቁን ጥፋት ያመጣል። ፓራውሊዮ የምትባለው የጎማ ቀለበት ከኩሽኔታው ዋጋ አንጻር ምንም አይደለችም። ስታረጅ ግራሶው ወደ ታምቡሩ ይፈስሳል፣ የፍሬን ሸራው ይርሳል፣ ያ እግር ይንሸራተታል፣ ተሳቢውም ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ሸራ ቀይሮ ፓራውሊዮዋን የተወ መካኒክ ደንበኛውን በሳምንታት ውስጥ መልሶ ያገኘዋል፤ ከታደለ። የኩሽኔታና የፍሬን በሽታ ይዋለዳል። ያልለቀቀ ፍሬን ግራሶ ያቀልጣል፤ ያለቀ ኩሽኔታ ታምቡሩን አዝምሞ ሸራውን በአንድ ጎኑ ይበላዋል። ለዚህ ነው አንዱን ብቻ መጠገን መጠገን የማይባለው።

ወደ ተዘጋው የንፋስ መስመር እንምጣ። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ለባቡር ያመጣው ሐሳብ፣ ንፋስ ሲጠፋ ፍሬን እንዲይዝ እንጂ እንዲለቅ አይደለም። ተሳቢ ተበጥሶ ቢቀር ራሱን ያቆማል። ድንቅ ሐሳብ ነው፤ ግን ቧንቧው በሾለከ ቁጥር ተሳቢው በረሃ ላይ ተቸክሎ ይቀራል ማለትም ነው። ባዶ ተሳቢ በዝናብ ፍሬኑ ከመጠን በላይ ከያዘ ደግሞ ጅራቱ ይገረፋል። የተሳቢ ሸራና ታምቡርም ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ አንዳንዱ የተሳቢውን ፍሬን ይዘጋና በመኪናው ፍሬን ብቻ ይሄዳል። ይህን ስንፍና ብቻ ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ያልተስተካከለ የተሳቢ ፍሬን በእርግጥም ያስፈራል። መድኃኒቱ ግን ማስተካከል ነበር።

ስሌቱ ምሕረት የለውም። 40 ቶን የሚመዝን መኪና ከነተሳቢው በእያንዳንዱ 100 ሜትር የከፍታ ልዩነት ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ100 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከዚህ ሞተሩ በማርሽ የሚይዘውን ይይዛል፤ የቀረው ታምቡር ውስጥ ይገባል። የአርሲን ስንዴ ጭኖ ከአሰላ ወደ አዳማ ለሚወርደው፣ ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ ለሚወርደው፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ለሚወርደው ይህ ሙቀት በሁሉም እግር መከፋፈል ነበረበት። የተሳቢው እግሮች ከሒሳቡ ከወጡ መኪናው ብቻውን ይከፍላል። ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል መያዝ ያቆማል፤ ፔዳሉ ይረገጣል፣ ንፋሱ ይሄዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። «በጠሰ» የሚባለው ይሄ ነው።

በደርግ ዘመን ጭነት በቀጠና ተራ ይከፋፈል ነበር፤ መለዋወጫ ጠፍቶ መካኒኩ ያለውን እያጣጣመ፣ ታምቡሩን በቶርኖ እያስላጨ ኖረ። በ1984 ዓ.ም. የጭነት ገበያው ነፃ ተለቀቀ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አሰብ ቀረና ሁሉም ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ። ምልልስ ገንዘብ ሆነ፤ ቆሞ ሻይ የሚጠጣ ሹፌር ገቢ የሚያጣ ሹፌር ሆነ። ከዚያ ሲኖትራክ መጣ። ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ብሎ ስም አወጣለት። ስሙ ምሬትን ይናገራል፤ መኪናውን ከሶ እግሩን ማን እንዳየው ግን አይጠይቅም።

በመስከረም 2007 ዓ.ም. የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ተመረቀ፤ 84.7 ኪሎ ሜትር፣ ባለ ስድስት መስመር፣ በአገሪቱ የመጀመሪያው የክፍያ መንገድ። መጪና ሂያጁን ለይቶ ፊት ለፊት መጋጨትን የቀነሰ ትልቅ ሥራ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። የድሮው መንገድ ግን በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ መሐል ነበር የሚያልፈው፤ መኪናው ወደደም ጠላም ይቆም፣ ይቀዘቅዝ፣ ይታይ ነበር። በፍጥነት መንገድ ላይ ያለ ምክንያት መቆም ክልክል ነው። ክልክልነቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የቆመው ሁሉ በእግሩ ሲመረመርበት የኖረው ልማድ ተነሥቶ በቦታው ምንም አልተተካም።

ዓመታዊ ምርመራ አለ ይባላል። አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የተደነገገ ነው። ነገር ግን ተሳቢው ለቦሎ የሚቀርበው ባዶውን፣ ቀዝቅዞ፣ ብዙ ጊዜም ለዚያች ቀን ተሰናድቶ ነው። ኩሽኔታ የሚናገረው ጭነት ተሸክሞ ሁለት ሰዓት ከሄደ በኋላ ነው። ተሳቢ በዓመት አንድ ቀን ጤነኛ ሆኖ በቀሩት ቀናት ፍሬኑን ዘግቶ መሄድ ይችላል፤ የሚጠይቀው የለም።

የመንገድ ላይ ሚዛን ግን መኪናውን ሲሞቅ ያገኘዋል። ሞጆ ላይም፣ አዋሽም ላይ የጫነ መኪና ይቆማል፣ የእያንዳንዱ አክስል ክብደት ይነበባል፣ ወረቀት ይቆረጣል። የዛሬው ባለ ሦስት አክስል ጎታችና ባለ ሦስት አክስል ተሳቢ 12 ሞዞ አላቸው። ወረፋ በሚጠበቅበት ጊዜ ውስጥ አንድ ሰው 12ቱንም በእጁ ጀርባ ዞሮ፣ የሞቀውንም የቀዘቀዘውንም እዚያው ወረቀት ላይ መጻፍ ይችላል።