መለካትና መጠበቅ፦ የመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት አልትራሳውንድ ታሪክ



የሐይቃችንን ጥልቀት ማወቅ የሚሻ ሰው ድምፅን ወደ ውኃው ልኮ፣ ከወለሉ ነጥሮ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ ሊለካ ይችላል። አልትራሳውንድ በማህፀን ውስጥ የሚሠራው በዚሁ መርህ ነው። የግላስጎው የማህፀን ሐኪም ኢያን ዶናልድ የብረት ስንጥቅ መፈለጊያ መሣሪያን ለሕክምና ሞክረው፣ ከጆን ማክቪካርና ከመሐንዲሱ ቶም ብራውን ጋር ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1958 በላንሴት መጽሔት አሳተሙ።

በ1973 በዚያው በግላስጎው ሂዩ ሮቢንሰን ጽንሱን ከራስ አናቱ እስከ መቀመጫው በመለካት ዕድሜውን ማስላት እንደሚቻል አሳዩ። እስከዚያ ድረስ ዋናው መነሻ የእናቲቱ ትዝታ ነበር። በወሎ አንዷ የመጨረሻ የወር አበባዋን ፍልሰታ ሊገባ ሲል እንደ ነበር ታስታውሳለች፤ ሌላዋ ደግሞ ረመዳን በወጣ ሰሞን ትላለች። ይህ ትዝታ ዋጋ አለው፤ ነገር ግን የሁለት ሳምንት ስህተት ጤናማ ጽንስን ዕድገቱ የቆመ ሊያስመስለው ይችላል።

መለኪያው ዕድሜን ከመንገር አልፎ ዕጣን ወደ መተንበይ ሲሸጋገር ፈተናው ከበደ። ለረጅም ጊዜ በብዙ ቦታዎች 5 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ጽንስ የልብ ምት ካልታየበት፣ ወይም አማካይ ስፋቱ 16 ሚሊሜትር የደረሰ ከረጢት ባዶ ከሆነ፣ እርግዝናው እንዳከተመ ይቆጠር ነበር። በ2011 የታተመ ጥናት ግን በሕይወት ከቀጠሉት እርግዝናዎች መካከል ከ100 ወደ 4 የሚጠጉት በ16 ሚሊሜትሩ መስፈርት አክትመዋል ሊባሉ ይችሉ እንደ ነበር አመለከተ። ሁለት ባለሙያዎች አንዱን ጽንስ ሲለኩ የሚፈጠረው ልዩነትም ቀላል አልነበረም። ስለዚህ በ2013 በታተመው የባለሙያዎች ስምምነት ገደቡ ወደ 7 እና ወደ 25 ሚሊሜትር ከፍ አለ። ከዚያ በታች ያለው አጠራጣሪ ነው፤ መልሱም በቀጠሮ ደግሞ ማየት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24 ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትታይ መከረ። ነገር ግን ከአምባሰል ተራሮች ወርዳ ለመጣች እናት «ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሺ» ማለት የመጓጓዣ ገንዘብ፣ የእርሻ ቀንና የልጆች ጠባቂ ማለት ነው። ተመልሳ መምጣቷ የሚያጠራጥራት አዋላጅ ዛሬውኑ ቁርጡን ለመናገር ትፈተናለች። ብርቱ ሕመም ወይም ብዙ ደም ሲኖር ከማህፀን ውጭ እርግዝናም ሊሆን ስለሚችል መጠበቅ አይገባም። እናቲቱ ደህና ከሆነች ግን የችኮላ ፍርድ የተፈለገን ልጅ ሊያሳጣ ይችላል።

ታሪኩ የሚያስተምረን መሣሪያው በረቀቀ ቁጥር ፍርዱ መዘግየቱን ነው። እንግዲህ ወደ ጤና ተቋሞቻችን መሣሪያውን ስናስገባ፣ ሁለተኛውን ቀጠሮ የሚቻል ማድረግም የሥራው አካል ነው።