ጠያቂና መላሽ፦ የሩቅ መረጃ ፍለጋ ግንኙነት አጭር ታሪክ

አንድ መጽሐፍ በብዙ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። የመጽሐፉ ርእስ፣ የደራሲው ስም፣ አሳታሚውና የታተመበት ዘመን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። ይሁን እንጂ ለረጅም ዘመን እያንዳንዱ ቤተ መጻሕፍት ያንኑ መጽሐፍ እንደ ገና እየመረመረ፣ ያንኑ ካርድ እንደ ገና እየጻፈ በመሳቢያው ውስጥ ያኖር ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል፤ የካታሎግ ሥራ ግን ሃምሳው ሰው እያንዳንዱ ሃምሳውን ሎሚ ለብቻው የሚሸከምበት ሥራ ሆኖ ኖሯል።

ይህን ድካም ለማቃለል ሲባል አንድ ኮምፒዩተር በሩቅ የሚገኘውን ሌላ ኮምፒዩተር እንዲጠይቅ፣ የተሰጠውንም መልስ በትክክል እንዲረዳ ለማድረግ ብዙ ተደክሟል። የዚህ ድካም ታሪክ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ደረጃ በሚወጣበትና ፕሮግራም በሚጻፍበት ቦታ ሁሉ ለተሰማራ መሐንዲስ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከካርድ ወደ ቴፕ፣ ከቴፕ ወደ መስመር

የመጀመሪያው ርምጃ በካርዱ ላይ የሚጻፈውን ቃል ኮምፒዩተር ሊያነበው በሚችል መልክ ማዘጋጀት ነበር። በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በወይዘሮ ሔንሪየት አቭራም መሪነት የተነደፈው ማርክ የተባለው የመዝገብ ቅርጽ በ1966 በ16 ቤተ መጻሕፍት ዘንድ ለሙከራ ቀረበ። በማርክ አሠራር እያንዳንዱ የመግለጫ ክፍል በሦስት አሐዝ ይለያል። ለምሳሌ 100 የዋናውን ደራሲ ስም፣ 245 ደግሞ የመጽሐፉን ርእስ ያመለክታል። መዝገቦቹ በማግኔት ቴፕ ተቀርጸው ይላኩ ስለ ነበር፣ ተቀባዩ ቴፑ ከተቀረጸ በኋላ የገባውን መዝገብ ለማግኘት የሚቀጥለውን ቴፕ መጠበቅ ነበረበት።

በኦሃዮ የተቋቋመው ኦ.ሲ.ኤል.ሲ. በ1971 አባል ቤተ መጻሕፍትን በስልክ መስመር ከአንድ ማዕከላዊ ኮምፒዩተር ጋር በማገናኘት በጋራ ካታሎግ የሚያዘጋጁበትን አገልግሎት ጀመረ። ሌሎችም ተመሳሳይ መረቦች ተከተሉ። በዚህም ጊዜ አዲስ ችግር ተፈጠረ። እያንዳንዱ መረብ የራሱ የትእዛዝ ቋንቋ ስለ ነበረው፣ ሦስት መረቦችን መጠቀም የፈለገ ባለሙያ ሦስት ቋንቋ መማር ግድ ሆነበት። መረቦቹም እርስ በርሳቸው መነጋገር አይችሉም ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትና ታላላቆቹ መረቦች የተሳተፉበት የተያያዙ ሥርዓቶች ፕሮጀክት የተባለው ሥራ የተነሣው ይህን ግድግዳ ለማፍረስ ነው።

ዜድ 39.50

ከዚህ ጥረት ጋር ተያይዞ የተዘጋጀው የመነጋገሪያ ደንብ በ1988 ዜድ 39.50 በሚል መጠሪያ የአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። ዜድ 39 የቤተ መጻሕፍትን ጉዳይ ለሚመለከተው ኮሚቴ የተሰጠ ምልክት ሲሆን፣ 50 የደረጃው ተራ ቁጥር ነው።

የደንቡ አሳብ ቀላልና ግልጽ ነው። ጠያቂው ፕሮግራም ደንበኛ፣ መላሹ ደግሞ ሰርቨር ይባላል። ደንበኛው በመጀመሪያ ሰላምታ ያቀርባል። በዚህ መልእክት የትኛውን የደንቡን እትም እንደሚያውቅ፣ ምን ምን አገልግሎት እንደሚፈልግና ምን ያህል መጠን ያለው መልእክት መቀበል እንደሚችል ይገልጻል። ሰርቨሩ ይህን ከተቀበለ በኋላ የፍለጋ ጥያቄ ይቀርብለታል። እርሱም የተገኙትን መዝገቦች ቁጥር ይናገራል እንጂ መዝገቦቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አያፈስም። ውጤቱን በስም ለይቶ በራሱ ዘንድ ያቆያል። ደንበኛው ከዚያ በኋላ «ከመጀመሪያው እስከ ዐሥረኛው ያለውን በማርክ ቅርጽ ስጠኝ» ብሎ የሚፈልገውን ያህል ይወስዳል። መስመሩ ቀጭን፣ የኮምፒዩተር ጊዜም ውድ በነበረበት ዘመን ይህ አሠራር እጅግ ቁጥብ ነበር።

ችግሩ ደንቡ እንዲጓዝበት የታሰበው መንገድ ነበር። የ1988ቱ እትም የተጻፈው ኦ.ኤስ.አይ. በተባለው ባለ ሰባት እርከን የመገናኛ ሥርዓት ላይ እንዲሠራ ታስቦ ነው። ሥርዓቱ በወረቀት ላይ የተሟላ ቢሆንም በሥራ ላይ የዋለ ሶፍትዌሩ ግን ጥቂት ነበር። በአንጻሩ የቲሲፒ/አይፒ ደንብ በ1983 ከወጣው የበርክሌይ ዩኒክስ 4.2 እትም ጋር ተያይዞ በየዩኒቨርሲቲው ተሰራጭቶ ነበር።

ከዚህ ውዝግብ መውጫውን በተግባር ያሳየው ዌይስ የተባለው ፕሮግራም ነው። ብሩስተር ካል በቲንኪንግ ማሽንስ ኩባንያ ሆኖ ከአፕል፣ ከዳው ጆንስና ከኬፒኤምጂ ጋር በመተባበር የ1988ቱን ደንብ ለውጦና አቅልሎ በቀጥታ በቲሲፒ ላይ አስኬደው። የፕሮግራሙ ምንጭ ጽሑፍ በ1991 በነጻ ስለ ተለቀቀ በብዙ አገሮች ተሠራበት። ዌይስ ደንቡን ሙሉ በሙሉ አልጠበቀም፤ ሰርቨሩ ውጤቱን እንዲያቆይም አላደረገም። ሆኖም ሰው ሊሞክረው የሚችል ፕሮግራም በመሆኑ ከወረቀቱ ይልቅ ደንቡን አስተዋወቀ።

የደረጃው ባለቤቶችም ከዚህ ተምረዋል። በ1990 ደንቡን በተግባር የሚያውሉ ፕሮግራመኞች የሚወያዩበት ቡድን ተቋቋመ። ሁለተኛው እትም በ1992፣ ሦስተኛው በ1995 ወጣ። በ1994 መጨረሻ ክሊፎርድ ሊንች ደንቡ በቀጥታ በቲሲፒ ላይ እንዴት እንደሚጓዝ የሚገልጽ ሰነድ አወጣ፤ ለዚሁ አገልግሎት 210ኛው በር ተመደበ። በ1998 ደንቡ አይ.ኤስ.ኦ. 23950 ተብሎ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ።

የፕሮግራመኛው ፈተና

ደንበኛ ፕሮግራሞችን ለመጻፍ በብዛት ያገለገለው የሲ ቋንቋ ነው። ዴኒስ ሪቺ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላቦራቶሪ የፈጠረው ይህ ቋንቋ የዩኒክስ ቋንቋ በመሆኑ፣ የበርክሌይ ሶኬት የተባለው የመረብ መግቢያም በእርሱ የተዘጋጀ ነበር። የሰርቨሩን ስም ወደ አድራሻ መለወጥ፣ ሶኬት መክፈት፣ መገናኘት፣ መጻፍና ማንበብ ጥቂት መስመር ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

አንደኛ፣ ቲሲፒ የሚያደርሰው የባይት ጅረት እንጂ መልእክት አይደለም። በአንድ ጊዜ የተላከ መልስ በሦስት ወይም በአራት ቁራጭ ሊደርስ ይችላል። አንዴ አንብቦ «መልሱ ይህ ነው» የሚል ፕሮግራም በቢሮው ውስጥ ባለ መረብ ላይ ሲሞከር ይሠራል፤ ባሕር ተሻግሮ ሲጠይቅ ግን ይሰናከላል። ስለዚህ ደንበኛው መልእክቱ መሙላቱን እስኪያረጋግጥ ድረስ የደረሰውን እያጠራቀመ መቆየት አለበት።

ሁለተኛ፣ መልእክቶቹ የተገለጹት ኤ.ኤስ.ኤን.1 በተባለ የመግለጫ ቋንቋ፣ የሚጓዙትም ቢ.ኢ.አር. በተባለ የኮድ ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ነገር መለያ፣ ርዝመትና ይዘት አለው። ይዘቱም በውስጡ ሌላ መለያ፣ ርዝመትና ይዘት ሊይዝ ይችላል። ርዝመቱ አስቀድሞ ሊነገር ወይም በመዝጊያ ምልክት ሊታወቅ ይችላል። ይህን ሁሉ በእጅ መጻፍ አድካሚ ሲሆን ለስሕተትም የተጋለጠ ነው።

ሦስተኛ፣ በሲ ቋንቋ የማስታወሻ ቦታን የመያዝና የመልቀቅ ኀላፊነት የፕሮግራመኛው ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍሎች ካሉት መልስ አንዱን እንኳ ሳይለቅ ከቀረ ፕሮግራሙ ቀስ በቀስ ያብጣል። ከዚህ የከፋው ደግሞ በሩቅ ያለ ማሽን የነገረውን ርዝመት ሳይመረምሩ ማመን ነው። እንዲህ ያለው እምነት የራስን ማሽን ለማይታወቅ ሰው አሳልፎ ይሰጣል።

ያዝ

በ1994 በኮፐንሃገን በሰባስቲያን ሐመርና በአዳም ዲክማይስ የተመሠረተው ኢንዴክስ ዳታ የተባለ አነስተኛ ኩባንያ ለእነዚህ ችግሮች በሲ ቋንቋ መልስ አዘጋጀ። ያዝ የተባለው የፕሮግራም ስብስብ «አሁንም ሌላ የዜድ 39.50 መሣሪያ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ፊደላት የወጣ ስም ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ግን ትእዛዝ ይመስላል፤ ሥራውም ከስሙ አይርቅም።

የያዝ አሠራር ሦስት እርከን አለው። የታችኛው እርከን መጓጓዣውን ብቻ ይመለከታል። የሚቀጥለው እርከን ኮዱን ይመለከታል፤ እዚህ ላይ ለእያንዳንዱ የመልእክት ዓይነት አንድ ተግባር ብቻ ተጽፎ፣ ያው ተግባር እንደ አቅጣጫው መልእክቱን ወደ ባይት ይለውጣል ወይም ከባይት ይፈታል። ላኪውና ተቀባዩ ከአንድ ምንጭ ስለሚወጡ አንዱ ሌላውን የመቃረን ዕድሉ ጠባብ ነው። በመፍታት ጊዜ የተያዘው የማስታወሻ ቦታ ሁሉ በአንድ ማኅደር ውስጥ ተመዝግቦ፣ ሥራው ሲያበቃ በአንድ ትእዛዝ ይለቀቃል።

የላይኛው እርከን ዙም ይባላል። በ2001 በማይክ ቴይለርና በሥራ ባልደረቦቹ የተነደፈው የዙም አሳብ ፕሮግራመኛው ስለ መልእክት ሳይሆን ስለ ግንኙነት፣ ስለ ጥያቄ፣ ስለ ውጤትና ስለ መዝገብ ብቻ እንዲያስብ ያደርጋል። ግንኙነት ይፈጠራል፤ የሚፈለገው የመዝገብ ቅርጽ ይነገራል፤ ጥያቄው ይላካል፤ ቁጥሩ ይታያል፤ መዝገቡ ይነበባል፤ በመጨረሻም ሁሉም ይለቀቃል። ከዚህም በላይ አንድ ደንበኛ ብዙ ሰርቨሮችን በአንድ ጊዜ ጠይቆ ቀድሞ የመለሰውን ቀድሞ ለማስተናገድ ይችላል። በዚህ መንገድ የአንዱ ሰርቨር ዝግመት ሌሎቹን አያስጠብቅም።

ቃሉ አንድ፣ ትርጉሙ ልዩ ልዩ

ግንኙነቱ ከተስተካከለ በኋላ የተገለጠው ችግር ከሽቦውም ከኮዱም የረቀቀ ነበር። ደንቡ የፍለጋውን ዓይነት በቁጥር ይለያል። ቢብ-1 በተባለው ዝርዝር 4 ርእስን፣ 7 የመጽሐፍ መለያ ቁጥርን፣ 1003 ደራሲን ያመለክታል። ከዚህም ሌላ ቃሉ ከየት እንደሚጀምር፣ ሐረግ ወይም ነጠላ ቃል መሆኑን የሚገልጹ ምልክቶች አሉ። ነገር ግን ጠያቂው እነዚህን ሳይገልጽ ከቀረ መላሹ እንደ መሰለው ይሞላቸዋል። «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል በርእስ እንዲፈለግ ቢጠየቅ አንዱ ሰርቨር ቃሉ በርእሱ ውስጥ ያለበትን ሁሉ፣ ሌላው በዚህ ቃል የሚጀምረውን ብቻ ሊመልስ ይችላል። ሁለቱም ደንቡን አልጣሱም።

የዚህ ጉዳት ለተመራማሪው ግልጽ ነው። ግንኙነት ሲቋረጥ ችግር መኖሩ ይታወቃል። «ዜሮ ተገኝቷል» የሚል መልስ ሲመጣ ግን ጠያቂው መጽሐፉ እንደሌለ አምኖ ይሄዳል። በ1999 በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ የተጀመረው የባዝ ስምምነት ለእያንዳንዱ የፍለጋ ዓይነት ምልክቶቹ ሁሉ አንድ በአንድ ተሟልተው እንዲላኩ የወሰነው ስለዚህ ነው።

የፊደል ጉዳይ

የአማርኛ መጻሕፍትን በሚመለከት ሌላም መሰናክል ነበር። የማርክ መዝገቦች በቀድሞው የኮድ ሥርዓታቸው የዐረብኛ፣ የዕብራይስጥና የሌሎችም ፊደላት ሲኖራቸው የግእዝ ፊደል አልነበራቸውም። ስለዚህ የአማርኛ መጽሐፍ ርእስ በላቲን ፊደል ተገልብጦ ይመዘገብ ነበር። ጠያቂውም የገዛ ቋንቋውን መጽሐፍ ለማግኘት የግልበጣውን ደንብ ማወቅ ነበረበት። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግእዝን ፊደል ሲያካትትና የማርክ መዝገብም ዩኒኮድን ሲቀበል በሩ ተከፈተ።

በሩ መከፈቱ ብቻ ግን አይበቃም። «ሠላም» እና «ሰላም»፣ «ዓለም» እና «አለም» ለአንባቢ አንድ ቃል፣ ለኮምፒዩተር ግን ልዩ ልዩ ቁጥሮች ናቸው። ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ የሚያይ ደንብ በሰርቨሩ ማውጫ ውስጥ ካልገባ፣ ደንበኛው ፕሮግራም ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢጻፍ መልሱ ጎደሎ ነው። ይህን ሥራ ፊደሉን የሚያውቅ ባለሙያ ካልሠራው ሌላ የሚሠራው አይኖርም።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

ከ2000 ወዲህ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትና ተባባሪዎቹ የደንቡን ፍሬ ነገር በድር መንገድ የሚያስኬድ ኤስ.አር.ዩ. የተባለ ቀለል ያለ አሠራር አውጥተዋል። ያዝም ይህን አካቷል። ዜድ 39.50 ራሱም ቢሆን ካታሎግ አዘጋጆች መዝገብ በሚቀዱባቸው ሥርዓቶች ውስጥ ዛሬም ያገለግላል።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ይጨበጣል። ደረጃ የሚጸናው በሚሠራ ፕሮግራም ሲደገፍ ነው። ከሩቅ የመጣ መልስ ሁሉ ሳይመረመር መታመን የለበትም። ማሽኖች ተገናኙ ማለትም ተግባቡ ማለት አይደለም፤ የቃሉን ትርጉም አስቀድሞ መስማማት የሰዎች ሥራ ነው። ሃምሳው ሎሚ ጌጥ የሚሆነው ሃምሳው ሰው ማን ምን እንደሚይዝ ሲስማማ ብቻ ነው።