በሠራተኛ ማኅበራት የአመራር ምርጫ ወቅት የሚነሱ የአባላት ቅሬታዎች የሚፈቱበት ሥርዓት

የሠራተኛ ማኅበር አመራር ምርጫ አባላት ደመወዛቸውን፣ የሥራ ሰዓታቸውንና የሥራ ደህንነታቸውን በሚመለከት ከአሠሪው ጋር የሚደራደርላቸውን አካል የሚሰይሙበት ሂደት ነው። በመሆኑም በምርጫው ላይ የሚቀርብ ቅሬታ በወቅቱ እልባት ካላገኘ ጉዳቱ ከተመራጮቹ አልፎ በአባላቱ ጥቅም ላይ ይደርሳል።

የመደራጀት መብት በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 የተረጋገጠ ሲሆን፣ ዝርዝር አፈጻጸሙ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተደንግጓል። በአዋጁ መሠረት አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ሊቋቋም ይችላል። ከአሥር ያነሱ ሠራተኞች ባሏቸው ድርጅቶች የሚሠሩ ደግሞ፣ የአባላቱ ቁጥር ከአሥር እስካላነሰ ድረስ፣ ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ።

ይህ ድንጋጌ በደቡብ ጎንደር ዞን በወረታ ከተማና በይፋግ አካባቢ ለሚሠሩ ሠራተኞች ልዩ ትርጉም አለው። በፎገራ ሜዳ የሩዝ ምርት ላይ የተመሠረቱ መፈልፈያዎች ጥቂት ሠራተኞችን ብቻ የሚቀጥሩ በሚሆኑበት ጊዜ፣ የየድርጅቱ ሠራተኞች በአንድነት ተሰባስበው መደራጀት የሚችሉት በዚሁ አግባብ ነው። በአንጻሩ በማኅበር ተደራጅተው ለራሳቸው የሚሠሩ ጫኝና አውራጆች፣ እንዲሁም በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ የሚተዳደሩ መምህራንና ሌሎች ሠራተኞች በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም።

አዋጁ ማንኛውም ማኅበር የራሱ መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖረው ያዛል። ደንቡ ከሚይዛቸው ጉዳዮች መካከል የመሪዎች መመዘኛ፣ የስብሰባና የምርጫ ሥነ ሥርዓት፣ የንብረትና የገንዘብ አስተዳደር እንዲሁም የዲሲፕሊን እርምጃ ይገኙበታል። ቅሬታ ያለው አባል በመጀመሪያ ሊመለከተው የሚገባው ሰነድም ይኸው ደንብ ነው።

ቅሬታዎች በአብዛኛው የሚነሱት በአባላት ስም ዝርዝር፣ በእጩዎች አቀራረብ፣ በምልዓተ ጉባዔ መሟላትና በድምፅ ቆጠራ ላይ ነው። ለእነዚህ እልባት ለመስጠት አስመራጭ ኮሚቴው ከእጩዎቹ ገለልተኛ መሆን፣ የአባላት ዝርዝር ከምርጫው ቀን አስቀድሞ ለእይታ መቅረብ፣ ቃለ ጉባዔና የድምፅ መስጫ ወረቀትም ቅሬታው እስኪጣራ ድረስ በአግባቡ መቀመጥ ይኖርባቸዋል። አቤቱታው በጽሑፍ ቀርቦ ውሳኔውም ከነምክንያቱ በጽሑፍ ሲሰጥ፣ ያልረካው ወገን ጉዳዩን ለጠቅላላ ጉባዔው ለማቅረብ ይቀለዋል። በማኅበሩ ውስጥ ያልተፈታ ጉዳይ ማኅበሩ አባል በሆነበት ፌዴሬሽን ሽምግልና ሊታይ፣ የሕግ ጥሰት ሲኖርም ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል።

የቅሬታው መነሻ የአሠሪው ጣልቃ ገብነት ከሆነ ጉዳዩ የማኅበሩ የውስጥ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ይቀራል። አሠሪው ሠራተኛውን በማኅበር ምርጫ ለአንድ እጩ ድምፅ እንዲሰጥ ወይም እንዳይሰጥ ማስገደድ በአዋጁ ተከልክሏል። ሠራተኛው የማኅበር አባል በመሆኑ፣ የሠራተኞች ተጠሪ በመሆኑ ወይም ለመሆን በመወዳደሩ ምክንያት ከሥራ ማሰናበትም ሕገወጥ ነው። በዚህ ምክንያት የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው የመመለስ መብት አለው።

መንግሥት በማኅበራት ምርጫ ውስጥ ሊኖረው የሚገባው ሚናም ወሰን የተበጀለት ነው። ኢትዮጵያ በ1955 ዓ.ም ያጸደቀችው የዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87፣ ሠራተኞች ተወካዮቻቸውን በሙሉ ነፃነት እንዲመርጡና ማኅበራት በአስተዳደር ውሳኔ እንዳይታገዱ ወይም እንዳይፈርሱ ይደነግጋል።

የአገሪቱ የሠራተኛ እንቅስቃሴ ታሪክ የዚህን ድንጋጌ ክብደት ያሳያል። በ1955 ዓ.ም የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1966 ዓ.ም አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ አካሂዷል። ደርግ በግንቦት 1967 ዓ.ም ዋና ጽሕፈት ቤቱን በመዝጋት ሠራተኞች መሪዎቻቸውን በኢትዮጵያ ሶሻሊዝም ዓላማ መሠረት እንዲመርጡ አዘዘ። ተቃውሞው በመቀጠሉም በ1968 ዓ.ም ማኅበሩ እንዲፈርስ ተደረገ፤ በ1969 ዓ.ም የመላ ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር በምትኩ ተቋቋመ።

በሽግግሩ ዘመን የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም በ1987 ዓ.ም ተመሳሳይ ፈተና ገጥሞታል። በወቅቱ በአቶ ዳዊ ኢብራሂም ይመራ የነበረው ኮንፌዴሬሽን አመራር በመከፋፈሉ አባል ፌዴሬሽኖች በሁለት ጎራ ተሰለፉ። የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴርም የኮንፌዴሬሽኑን ምዝገባ ሰረዘ። ኮንፌዴሬሽኑ እንደገና የተቋቋመው በ1989 ዓ.ም ሲሆን፣ በመካከሉ የአገሪቱ ሠራተኞች ብሔራዊ ወኪል ሳይኖራቸው ቆይተዋል።

በወቅቱ ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 42/1985 ምዝገባን የመሰረዝ ሥልጣን ለሚኒስቴሩ ይሰጥ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ግን ሚኒስቴሩ ስረዛውን ለፍርድ ቤት እንዲያመለክት ተደርጓል። በዚህም በአመራር ውዝግብ ሰበብ ማኅበርን በአስተዳደር ውሳኔ ማፍረስ የሚቻልበት መንገድ ጠቧል።

በአንድ ድርጅት ደረጃ የሚፈጠር መከፋፈልም ተመሳሳይ ውጤት አለው። ሁለት ወገኖች እኔ ነኝ ሕጋዊው አመራር ሲሉ፣ ከደመወዝ የሚቆረጠው መዋጮ የሚገባበት የባንክ ሂሳብ ፈራሚ ማንነት ያከራክራል፤ የኅብረት ስምምነት ድርድርም ይጓተታል። ከአንድ በላይ ማኅበራት በተቋቋሙበት ድርጅት የመደራደር ዕውቅና የሚያገኘው ከግማሽ በላይ የሆኑትን ሠራተኞች በአባልነት የያዘው በመሆኑ፣ አባላት የተበታተኑበት ማኅበር ይህንኑ ዕውቅና ሊያጣ ይችላል።

ስለሆነም አዲስ የሚደራጁ ማኅበራት ቅሬታ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ፣ ተቀባዩን አካልና የይግባኝ ደረጃውን እጩዎች ከመታወቃቸው በፊት በደንባቸው በግልጽ ቢያሰፍሩ፣ አሸናፊም ሆነ ተሸናፊ ውጤቱን ለመቀበል የሚያስችለው መሠረት ይኖረዋል።