የማይመለስ ትምህርት፦ ከፊደል ገበታ እስከ ፕላዝማ

ስለ ክፍል ውስጥ ቴክኖሎጂ ሲነሳ ታሪኩን በ1997 ዓ.ም. መጀመር የተለመደ ነው፤ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ቴሌቪዥን የተሰቀለበት ዓመት ነውና። ለሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ግን ይህ አጀማመር ነገሩን ያሳጥረዋል። እዚያ ከፕላዝማው በፊት ስንት ትውልድ ያስነበበ መሣሪያ ነበር፤ የፊደል ገበታ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው ውዱ መሣሪያ ለምን ቶሎ እንደ ደከመ፣ ርካሹ ለምን እንደ ዘለቀ ይገባዋል። የትምህርት መሣሪያ የሚሠምረው ማቆሙና መድገሙ በመምህሩ ወይም በተማሪው እጅ ሲሆን ነው ባይ ነኝ፤ የዚህ አገር የትምህርት ታሪክም ይህንኑ ያሳያል።

ገበታው ፊደል የሰፈረበት ወረቀት በካርቶን ወይም በእንጨት ላይ ተለጥፎ፣ ልጁ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ በስንደዶ እየጠቆመ የሚያነበው ነው። ተራው ታስቦበታል፤ መጀመሪያ ሀሁ፣ ከዚያ አቡጊዳ፣ ቀጥሎ የዮሐንስ መልእክት፣ ወንጌል፣ በመጨረሻ ዳዊት። አቡጊዳ በተለይ የተንኮለኛ መምህር ፈጠራ ይመስለኛል። ሀሁን በዜማ ሸምድዶ ፊደሉን ሳያይ የሚዘልቅ ልጅ፣ የፊደሉ ተራ ተቀይሮ ሲመጣበት ይያዛል፤ መሣሪያው ራሱ ፈታኝ ነው ማለት ነው። ንባቡም በአንድ ፍጥነት አይሄድም። በቁጥር ፊደል በፊደል ይጀመራል፣ ከዚያ ግዕዝ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ ያድጋል። የቄስ ትምህርት ቤቱ መምህር፣ የኔታ፣ አንዱን ሲያስነብቡ ቀደም ያለው ልጅ የኋለኛውን ያስቀጽላል፤ ያልገባው እዚያው ገጽ ላይ ይሰነብታል እንጂ ሌሎቹ አለፉ ተብሎ አይገፋም። በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ሃያ ልጅ ሃያ ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል። የዛሬ የሶፍትዌር ሻጮች ለእያንዳንዱ ተማሪ በልኩ የሚሄድ ትምህርት እያሉ የሚያስተዋውቁት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

እዚህ ላይ ያለፈውን አታስጊጥ የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። የቄስ ትምህርት ቤት አለንጋ ነበረበት፣ ሴት ልጆችን እምብዛም አላስጠጋም፣ ብዙው ተማሪ ዳዊት ደግሞ የግዕዙን ትርጉም ሳያውቅ ይወጣ ነበር። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። እኔ የምሟገተው ግን ለይዘቱ ሳይሆን ለአደረጃጀቱ ነው። የማይረባ ይዘት በጥሩ አደረጃጀት ሊሰጥ እንደሚችል ሁሉ፣ የረባ ይዘትም በመጥፎ አደረጃጀት ሊባክን ይችላል።

በመካከል የመጡት ዘመቻዎችና ሬዲዮ በአጭሩ ይታለፉ። የ1967ቱ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪውን ወደ ገጠር ላከ፤ በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በዓመቱ በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። የትምህርት ሬዲዮም ሲያግዝ ኖሯል። የመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ ጎልማሳውን በኩራዝ ብርሃን እንዲያነብ ያደረገው ግን በዋናነት በመጽሐፍ፣ በሰሌዳና በአስተማሪ ነው፤ ሦስቱም ቆይ ሲባሉ ይቆያሉ።

ፕላዝማው ግን ቆይ አያውቅም ነበር። ትምህርቱ ከማዕከል በሳተላይት ይሰራጭ ነበር፤ ከአርባ ደቂቃ ገደማ ክፍለ ጊዜ ሠላሳ ያህሉን ይወስድ ነበር። መምህሩ ለመግቢያ ጥቂት ደቂቃ፣ ለማጠቃለያም ጥቂት ደቂቃ ይቀረው ነበር፤ በመሃል ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ይመለከት ነበር። ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነበር፤ ታችኛውን ክፍል በአማርኛ ተምሮ የመጣው የመሐል ሜዳ ወይም የዓለም ከተማ ልጅ ደግሞ ከፍጥነቱም ከአነጋገሩም እኩል ይታገል ነበር። ስክሪኑ ጥያቄ ያቀርብ፣ ለመልስ ጥቂት ሰከንድ ይሰጥ፣ ክፍሉ መለሰ አልመለሰ ራሱ መልሶ ይቀጥል ነበር። መብራት ከሄደ የዚያን ቀን ፊዚክስ ሄደ ማለት ነበር። አምልጦት የቀረ ክፍል በሚቀጥለው ቀን ሲገባ ትምህርቱ ቀድሞት ይጠብቀው ነበር፣ እንደ ሄደ አውቶቡስ።

የፕላዝማው ደጋፊዎች ብርቱ መከራከሪያ አላቸው። ቤተ ሙከራ በሌለበት፣ የኬሚስትሪ ምሩቅ ከአዲስ አበባ ርቆ መቆየት በማይፈልግበት በዚህ ብርድ አገር፣ ሙከራው በሥዕልም ቢሆን መታየቱ ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ጎበዝ መምህር ለመላው አገር መድረሱም ፍትሕ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ትምህርቱ በአንድ ሰዓት ለሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲፈስ አያስገድድም ነበር። ዲቪዲ በ1997 የታወቀ ዕቃ ነው። ያው ትምህርት በዲስክ ቢሰጥ መምህሩ አስቁሞ በአማርኛ ያብራራ፣ ያልገባውን ይደግም ነበር። ይህ ሲታሰብ ሥርጭቱ ከማስተማር ይልቅ መምህሩን ለመቆጣጠር የተመቸ ሆኖ ይታየኛል፤ ሁሉም ክፍል በአንድ ቀን አንድ ገጽ ላይ መሆኑ ለሚመራው መሥሪያ ቤት ይመቻል፣ ለሚማረው ግን ብዙም አይፈይድም።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ይህንኑ ያጠናክራል። መጋቢት 2012 ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ ትምህርቱ ወደ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ቴሌግራም ዞረ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ፤ በግጭቱ ምክንያትም የተዘጉት ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። በ2016 የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር ተሰጠ፤ ኔትወርክ የሌለው ልጅም በዚሁ ፈተና ተወዳደረ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚተርፈው ከማዕከል የሚፈሰው ሳይሆን ሚሞሪ ላይ የተጫነው ነው። በከተሞቻችን የስልክ መጠገኛ ሱቆች ዘፈንና ፊልም በሚሞሪ ሲጭኑ ኖረዋል፤ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችና የሒሳብ ቪዲዮዎችም ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ ያልፋሉ። ለመንዝና ለመርሐቤቴ ትምህርት ቤቶች የሚገዛ ማንኛውም ታብሌት በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ኔትወርክ ጠፍቶ፣ በሶላር ተሞልቶ፣ ሙሉውን የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ በአማርኛ ማብራሪያ ይዞ መሥራት ይችል እንደሆነ ነው፤ ምን ያህል ፍጥነት እንዳለው መጠየቅ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።