የስኳር ዛጎል እውነተኛውን የመሰለበት ምክንያት

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1591 ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ በደቡብ እንግሊዝ፣ ኤልቬተም በተባለው የኸርትፎርድ ኧርል ርስት ተጋብዘው ነበር። አንድ ምሽት በአትክልቱ ስፍራ የጣፋጭ ግብዣ ቀረበላቸው፤ መቶ ችቦ እየበራ ሁለት መቶ ሰዎች አንድ ሺህ ሳህን ተሸክመው ገቡ። የመስተንግዶው ዘገባ በዚያው ዓመት ታትሞ ስለወጣ የቀረበው ሁሉ በዝርዝር ይታወቃል። ግንቡ፣ መድፉ፣ ከበሮ መቺው፣ አንበሳው፣ ግመሉ፣ ዝሆኑ፣ ዓሣ ነባሪው ሳይቀር በስኳር ተሠርቶ ቆሟል። ዘጋቢው እነዚህን ከጨረሰ በኋላ በጠፍጣፋ የስኳር ሥራ የቀረቡትን ለብቻ ይቆጥራል፤ ኦይስተር፣ መስልና ኮክል የሚባሉት ባለ ዛጎል የባህር ፍጥረታትና ትናንሽ የባህር ቀንድ አውጣዎች የሚገኙት እዚህ ነው። እርግጥ እንስሳቱም በጠፍጣፋ ተሠርተው እንደነበር ይናገራል፤ ዛጎሎቹ ግን ከቆሙት መካከል አንድም ጊዜ አልተጠሩም። ይህ ክፍፍል እንዲያው የመጣ አይመስለኝም። ቆሞ የሚታየው የቀራጭ እጅ ይፈልግ ነበር፤ ዛጎሉ ግን ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተጭኖ የሚወጣ ነገር ነው። ከዚያ ሁሉ ትርኢት ዛሬም ኬክ ላይ እየተቀመጠ አይን የሚያታልለው ዛጎሉ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው ባይ ነኝ።

ነገሩን ለመረዳት ሊጡን ማወቅ ያሻል። በ1555 በቬኒስ የታተመው የአሌሲዮ ፒየሞንቴሴ የምስጢራት መጽሐፍ አሠራሩን ያስረዳል። ትራጋካንት የሚባለው ሙጫ በጽጌረዳ ውሃ ተዘፍዝፎ እስኪለሰልስ ይቆያል፤ የሎሚ ጭማቂና የእንቁላል ነጭ ይገባበታል፤ ከዚያ የደቀቀ ስኳር ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ይወቀጣል። የተገኘው ሊጥ ሳህንም ብርጭቆም ይሆናል፤ እንግዶቹም ሲጠግቡ ሳህኑን ራሱን ይበሉታል። ይህ ሊጥ ስስ ሆኖ ሲዳመጥ ቅርጹን ይይዛል፣ ሲደርቅ ነጭና ጠንካራ ይሆናል፣ ሲመቱት ይሰበራል። ወፍራም ሲሆን ግን ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ዛጎል ደግሞ በተፈጥሮው ስስ፣ ደረቅ፣ ተሰባሪ ነው። ጀርባው ጎበጥ፣ አፉ ሰፋ ያለ ስለሆነም ሊጡ የማውጫው ጉድጓድ ውስጥ ተጭኖ ሲገለበጥ የሚይዘው ነገር ሳይኖር በአንድ ጊዜ ይወጣል። አንበሳ እንዲህ አይወጣም፤ እግሩ ይያዛል፣ ጅራቱ ይቀራል፣ ማውጫውም ብዙ ቁራጭ መሆን አለበት።

ማውጫው ከእንጨት ብቻ የሚቀረጽ ቢሆን ኖሮ እዚህም የጠራቢው ችሎታ ወሳኝ በሆነ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዘመን ከተፈጥሮ ላይ በቀጥታ ቅርጽ የመውሰድ ጥበብ ተስፋፍቶ ነበር። በፈረንሳይ ሸክላ ሠሪው በርናር ፓሊሲ ዓሣውን፣ እንሽላሊቱንና ዛጎሉን እንዳለ እየቀዳ ሸክላ ሳህኖቹ ላይ ያሳርፍ ነበር፤ በኑረምበርግ ቬንዝል ያምኒትዘር ተመሳሳዩን በብር ሠራ። ኩሽናም አልቀረለትም። እንግሊዛዊው ሰር ሂው ፕላት በ1600ዎቹ መጀመሪያ ለወይዛዝርት ባሳተመው መጽሐፍ ጥንቸልና እርግብ በስኳር ሊጥ የሚሠራው በተቀረጸ ማውጫ ወይም ከራሱ ከእንስሳው ላይ በተወሰደ ቅርጽ እንደሆነ ጽፏል። ላባና ጸጉር ያለው ፍጥረት ለዚህ ሥራ አስቸጋሪ ነው፤ ቅርጹን ለመውሰድ የሚፈስበት ጄሶ ጸጉሩን ይጨፈልቀዋል። ዛጎል ግን ጄሶ ቢፈስበት ምንም አይሆንም፤ መስመሩ፣ የእድገት ቀለበቱ፣ የጠርዙ መሸራረፍ ሳይቀር ይታተማል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል፤ ዛጎሉ የተወደደው ለቀልድና ለክብር እንጂ ለመቅዳት ስለተመቸ አይደለም የሚል። ቀልዱ እውነት ነው፤ ፕላት ራሱ የጣፋጭ ማዕድ እራት መስሎ እንዲቀርብ ይመክራል። ነገር ግን ቀልዱ የሥጋ ጥብስንም የፍራፍሬንም አምሳያ ይፈልግ ነበር፤ እንዲሠራ መፈለግ አንድ ነገር ነው፣ መምሰል ሌላ። ጠንከር ያለው ተቃውሞ የዋጋ ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ሲድኒ ሚንትዝ በ1985 ባሳተመው ጥናት ስኳር በባሪያ ጉልበት ከሚለሙ እርሻዎች እየተትረፈረፈ ሲረክስ የማዕረግ ምልክትነቱ እንደደከመ አሳይቷል። እስማማለሁ፤ ይህ ግን የስኳር ግንቦቹ ከመኳንንት ማዕድ ለምን እንደወረዱ እንጂ ዛጎሉ ለምን እንደተረፈ አይነግረንም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከጀርመኗ ከተማ ማይሰን የተነሳው ፖርሴሊን የስኳር ምስሎችን ከጠረጴዛ ሲያባርር እንኳ የለንደኑ ቦው ፋብሪካ በዛጎል ቅርጽ የጣፋጭ ማቅረቢያ ይሠራ ነበር። ቁሱ ተቀየረ፤ ቅርጹ ግን ለማውጫ መመቸቱን አልተወም።

ጠመዝማዛው ቀንድ አውጣ ነው ክርክሬን የሚፈታተነው። እሱ ከአንድ ማውጫ አይወጣም፤ ወይ ግማሹ ብቻ ጀርባው ጠፍጣፋ ሆኖ ይሠራል፣ ወይ ሁለት ግማሽ ተሠርቶ በእርጥብ ስኳር ይጣበቃል፣ መገጣጠሚያውም ይሞረዳል። ደካማ ሥራ ቶሎ የሚጋለጠው እዚህ ነው። የዛሬው ሲሊኮን ስለሚታጠፍ ችግሩን አቅልሎታል እንጂ አዲስ ሐሳብ አላመጣም፤ እውነተኛ ዛጎል ላይ ፈስሶ ቅርጹን ይወስዳል፣ ልክ እንደ ጄሶው። ማውጫው የማይሰጠው ቀለምን ነው። ከጠርዙ ወደ ማጠፊያው እየደመቀ የሚሄደው ሮዝ ወይም ቡናማ፣ በውስጥ በኩል ያለው የዕንቁ ጮራ፣ ከማውጫው ከወጣ በኋላ በጣት እየተዳሰሰ የሚሳሳው ጠርዝ የሠሪው ድርሻ ናቸው። ኬክ ላይ ያለ የስኳር ዛጎል ቅርጹ እውነተኛ ቢመስል ሠሪውን ለማድነቅ አይቸኩሉ፤ ቀለሙንና ጠርዙን አይተው ይፍረዱ።