ፈረሱ የማን ነበር?

የአምቦው ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከመገደሉ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም.፣ በቴሌቪዥን በተላለፈ ቃለ ምልልስ ላይ ስለ አንድ ፈረስ ተናግሮ ነበር። አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ባለው ሐውልት ላይ ምኒልክ የተቀመጡበት ፈረስ ሲዳ ደበሌ የሚባል የኦሮሞ ገበሬ ፈረስ ነው፣ ተቀምቶ ነው አለ። ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰኔ 22 ተገደለ፣ ሰኔ 25 አምቦ ላይ ተቀበረ፣ አገር ታመሰ። ክርክሩ ስለ ሐውልቱ ሆነ፣ ስለ ንጉሡ ሆነ፣ ስለ ብሔር ሆነ። ፈረሱ ተረሳ።

እኔ ደግሞ የምጽፈው ስለ ፈረሱ ነው። የሲዳ ደበሌን ጉዳይ ለማጽደቅም ለማስተባበልም አልተነሣሁም። ሃጫሉ ያነሣው ጥያቄ ግን፣ ከፖለቲካው ብናወጣው፣ የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ሳይጠይቁት ያለፉት ትልቅ ጥያቄ ነው፤ ይህን ሁሉ ፈረስ ማን አሳደገው? ማን ገራው?

ከሐውልቱ እንጀምር። ምኒልክ ያረፉት በ1906 ነው፤ ሐውልቱ የተመረቀው በ1923፣ በኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫኛ ሰሞን። ንድፉን ያወጣው ሐርተል የተባለ ጀርመናዊ አርክቴክት ነው። ጣሊያን በ1929 አውርዶ ደበቀው፣ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። እንግዲህ ሁለት እግሩን ወደ ላይ ያነሣው የነሐስ ፈረስ የዓድዋው ዳኘው ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ በባዕድ እጅ የተሳለ ነው። እውነተኛው ዳኘው መልኩ ምን ይመስል ነበር፣ ይነክስ ነበር ወይ፣ ወንዝ ሲያይ ይደነግጥ ነበር ወይ? ይህን የሚያውቅ ሰው በዘመኑ ነበረ። ንጉሡ ግን አልነበሩም።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። በዚያ ዘመን መኳንንቱ መንገድ የሚሄዱት በበቅሎ ነው። ሰጋር በቅሎ ሰው አታንገላታም፣ ገደል አትፈራም። የጦር ፈረሱ በለኮ ተይዞ፣ ጉልበቱ ሳይነካ፣ ከኋላ ይመጣል። ጌታው ከበቅሎ ወርዶ ፈረስ ላይ የሚወጣው ለውጊያ፣ ለጉግስ ወይም ለክብር ሰልፍ ነው። ስለዚህ የፈረሱን ጠባይ ጠንቅቆ የሚያውቀው ባለ ስሙ ጌታ ሳይሆን ለኮውን ይዞ በእግሩ የሚሄደው ሰው ነው። እሱ ያጠጣዋል፣ ያበላዋል፣ ሲታመም ያድርለታል። ስሙን የጻፈለት የለም። የእነዚህ ሰዎች አለቃ የፈረስ ቤት ሹሙ ባልደራስ ነበር። (ዛሬ ቃሉን ሲሰማ ፓርቲ እንጂ ፈረስ ትዝ የሚለው ሰው ያለ አይመስለኝም።)

አሁን ወደ ስሞቹ። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ፣ ከጨቦ የወጡት የጦር ሚኒስትሩ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ አባ መቻል። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል እነዚህን ስሞች ሰብስበው በ1960ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ባያወጡልን ኖሮ ብዙው ጠፍቶ ይቀር ነበር።

«አባ» እዚህ ላይ የመነኩሴው አባ አይደለም፤ ባለቤት ማለት ነው። በኦሮምኛ ቃሉ እስከ ዛሬ የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ አባትም ነው፣ ባለቤትም ነው። የጅማው አባ ጅፋር ዓለም ሁሉ የሚያውቃቸው በፈረስ ስማቸው ነው። ልማዱ የአንድ ወገን ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ፣ የጎንደሩን ታጠቅ፣ የትግራዩን በዝብዝና የጅማውን ጅፋር በአንድ ጋጥ አስሮ ይመልከት። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። እኛም ታሪካችንን ስንቆጥር የምንወደውን ዘመድ ብቻ እየጠራን ሌላውን እንዘላለን።

ልብ ብላችሁ ካያችሁ ግን ስሞቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ታጠቅ፣ በዝብዝ፣ ጠቅል የሚሉት ትእዛዝ ናቸው። በአቧራና በጩኸት መካከል ወታደሩ ጌታውን የሚለይባቸው፣ ፎካሪው የሚጠራቸው መፈክሮች ናቸው። ስለ ፈረሱ አንዳች የሚነግሩን ነገር የለም፤ የሚነግሩን ጌታው ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ነው። በዝብዝ የተባለ ስም ገበሬው ጆሮ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል አስቡት። ሌሎቹ ደግሞ ፈረሱን የሚያሳዩ ናቸው። የወሊሶው አርበኛ ገረሱ ዱኪ አባ ቦራ ነበሩ። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ነው፤ ፈረሱን ከሩቅ ታየዋለህ። ጅፋርም የቆዳ መልክ ነው። እኔ ለራሴ የምወደው ይህን ሁለተኛውን ነው። ደግሞም በጋጥ ውስጥ፣ ገብስ ሲሰጠው፣ ጠባቂው ፈረሱን «በዝብዝ» እያለ ይጠራው ነበር ብዬ አላምንም። ዳማ ከሆነ ዳማ፣ ቦራ ከሆነ ቦራ ይለው ይሆናል።

ስለ መግራቱም ትንሽ እንበል፤ የተረሳው ሙያ እዚህ ላይ ነው ያለው። ያገራችን ነባሩ ልጓም የታች መንጋጋውን የሚከብ የብረት ቀለበት ያለው፣ ኃይለኛ ልጓም ነው። እጀ ሻካራ ሰው ከያዘው ፈረሱን አፉን ያቆስለዋል፣ ፈረሱም ሰው ይጠላል። እርካቡ ጠባብ ነው፤ ባዶ እግሩን የሚጋልበው ሰው የሚያስገባው አውራ ጣቱን ነው። ግራ እጅ ጋሻና ልጓም ይይዛል፣ ቀኝ እጅ ጦር ይወረውራል። እንግዲህ በውጊያ መካከል ፈረሱን በልጓም እየጎተቱ መምራት አይታሰብም። በጉልበት ጫና፣ በወገብ ማዘንበል፣ በድምፅ መታጠፍ መልመድ አለበት። ከሶምሶማ ወደ ሽምጥ ግልቢያ መውሰድ ቀላሉ ነው። ከሽምጥ ላይ አቁሞ ወደ ኋላ ማዞር ነው ዓመታት የሚፈልገው። አንዱ ፈረስ በስድስት ወር ይማራል፣ ሌላው ጋቢ ሲውለበለብ ባየ ቁጥር ጌታውን ይጥላል። ጉግስን ዛሬ የበዓል ትርኢት አድርገነዋል እንጂ የፈረሱም የፈረሰኛውም ትምህርት ቤት እሱ ነበር። ማባረር፣ መሸሽ፣ የሚወረወረውን ዘንግ በጋሻ መመከት፣ በድንገት መታጠፍ፣ ሁሉም እዚያ ይለመዳል።

ይህ ትምህርት ምን እንዳስገኘ ለማየት እምባቦ ይበቃል። በ1874 ዓ.ም. ሆሮ ጉዱሩ ውስጥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሲጋጠሙ ውጊያውን የወሰነው የራስ ጎበና ዳጬ፣ የአባ ጥጉ፣ ፈረሰኛ ነው። ንጉሡ ተማረኩ፣ የደቡብና የምዕራቡ መንገድ ለሸዋ ተከፈተ። ያ ፈረሰኛ በአብዛኛው የሸዋ ኦሮሞ ነበር፤ ፈረሱም ያደገው በሸዋ ደጋ፣ በገበሬ ቤት ነው። በዓድዋም እንዲሁ። ጥቅምት 1888 ከአዲስ አበባ የተነሣው ጦር የካቲት 23 ዓድዋ ላይ ሲዋጋ፣ ኮቴው ብረት ያልተመታለት ፈረስ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነበር። በማርያም ሸዊቶ ሸለቆ የጄኔራል ዳቦርሚዳን ብርጌድ ካጠፉት መካከል የኦሮሞ ፈረሰኞች ስማቸው በጣሊያኖቹም ዘንድ ይነሣል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላሉ አባቶች። እምባቦና ዓድዋ ላይ ግን ማድረሱ ራሱ ግማሹ ውጊያ ነበር።

እና ፈረሱ የማን ነበር? የተገዛ ነበረ፣ በግብር የተሰጠ ነበረ፣ የተማረከ ነበረ፣ ባለቤቱ ራሱ ወዶ ጋልቦት የዘመተ ነበረ፣ ከገበሬው ደጅ የተነጠቀም ነበረ። ደሞዝ የማይከፈለው ጦር የሚበላውም የሚቀመጥበትም ከገበሬው ነው። «ሁሉም ተቀማ» የሚለውም «ሁሉም በፍቅር ተሰጠ» የሚለውም ጎበናንና ባላገሩን በአንድ ስም ለመጥራት የሚቸገር ሰው ወሬ ነው። ሲዳ ደበሌ የሚለው ስም በአምቦ ልጅ አፍ የቀረው ግን በከንቱ አይደለም፤ ባላባት የፈረሱን ስም ለራሱ ሲያደርግ ገበሬም የፈረሱን ባለቤት ስም በቃል ይይዛል።

ስሞቹ ፈረሶቹ ከሞቱ በኋላም ሠርተዋል። በ1943 ወደ ኮሪያ የዘመተው ሻለቃ ቃኘው ተባለ፤ አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች ጣቢያም እንዲሁ። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ ደርግ በ1969 ለሶማሊያ ጦርነት ሚሊሻ ያሠለጠነበት ሰፈር ታጠቅ ነው። የገበሬ ልጅ እንደገና በፈረስ ስም ተጠርቶ ዘመተ፤ በዚህ ጊዜ ፈረሱ እንኳ አልነበረም።

ከጊንጪ ወደ ሰሜን ተገንጥላችሁ ወደ ጄልዱ፣ ወደ ጎጆ ብትወጡ ዛሬም ፈረስ አለ። ደጋ ነው፣ ገብስና ድንች አገር ነው፣ ብርድ ነው። ሰው በፈረስ ገበያ ይሄዳል፣ ሠርግና ለቅሶ ፈረስ አይቀርም። ተመራማሪዎች ያገራችንን ፈረሶች በስምንት ሲከፍሉ ለግልቢያ የተመሰገነው የሰላሌ ፈረስ አንዱ ነው፤ ያም የዚሁ የሸዋ ደጋ ልጅ ነው። በአገር ደረጃ ወደ 2 ሚሊዮን ፈረስ አለን፤ አብዛኛው ግን የሚማረው ሽምጥ ሳይሆን ጋሪ ነው። በየከተማው ደግሞ ባጃጅ ሲበዛ የጋሪው ፈረስ አስፋልት ዳር ይጣላል። አምቦ መንገድ ላይ ያላየ የለም።

አዊዎች በዚህ ይቀድሙናል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ጀምሮ፣ ጥር 23 ቀን፣ የዓድዋን ፈረስ እያሰበ ይሰበሰባል። ፈረሰኛው ብቻ ሳይሆን ፈረሱም የሚታሰብበት ሌላ ታላቅ በዓል አላውቅም። ለምዕራብ ሸዋ ይህን ያህል ቢያቅት አንድ ቀላል ሥራ አለ። አምቦ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲያጣ ወደ ጎጆ፣ ወደ ጊንጪ ይውጣና ሽማግሌዎቹን ስለ ጌቶቹ ሳይሆን ስለ ፈረሶቹ ይጠይቅ፤ መልኩ ምን ነበር፣ ማን ገራው፣ ምን ጠባይ ነበረበት፣ ከማን ደጅ ወጣ።

የአያታችሁን የፈረስ ስም የምታውቁ፣ ከነመልኩ፣ ከታች ጻፉልኝ።