የአሮጌ መኪና ጌጅ ምን ይነግረናል?

ከማኅበራችን ወጣቶች መካከል አሮጌ ጂፕና ላንድሮቨር መጠገን የሚወዱ አሉ። ከእነሱ ጋር ስንጫወት ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፤ «የማይሠራውን ጌጅ ነቅለን ዲጂታል ብንገጥምበት ምን አለበት?» የሚል። ነገሩ የጋራዥ ጉዳይ ይመስላል። እኛ ግን ወደ ኋላ ሄደን ስንመረምረው የታሪክ ጥያቄም ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ልናነሳው ወደድን።

በሰፈራችን ያለው ትልቁ ጌጅ

ጌጅ ማለት በዓይን የማይታየውን ነገር ለዓይን የሚያሳይ መሣሪያ ነው። የሞተር ሙቀት አይታይም፤ የዘይት ግፊት አይታይም፤ ጊዜም አይታይም። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ማሃኔ ይሁዳ ገበያ የሚመላለስ ሰው ሁሉ በጃፋ መንገድ ላይ፣ ከገበያው ማዶ፣ ዞሃሬ ሐማ በሚባለው ምኩራብ ግድግዳ ላይ ያለውን ትልቅ የፀሐይ ሰዓት ያውቀዋል። የሠሩት ሞሼ ሻፒራ የሚባሉ ሰው ሲሆኑ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1908 ገደማ ነው። ከፀሐይ ሰዓቱ ግራና ቀኝ ሁለት ሰዓቶች ተደርገው ነበር። አንዱ የአውሮፓውያንን ሰዓት፣ ሌላው የአገሩን ሰዓት ያሳይ ነበር። በቱርኮች ዘመን በዚህ ከተማ ብዙው ሰው ሰዓት የሚቆጥረው ከፀሐይ መጥለቅ ጀምሮ ነበርና።

ይህ ነገር ሌላውን ሊገርመው ይችላል፤ እኛን ግን እምብዛም አይገርመንም። እናቶቻችን «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት» ሲሉ ልጆች በልባቸው «ሰባት ማለት ነው» እያሉ ያደጉበት ቤት ብዙ ነው። አንድ ግድግዳ ላይ ሁለት ዓይነት ሰዓት መኖሩ፣ በዚያ መንገድ ሁለት ዓይነት ቆጠራ ያላቸው ሰዎች ይተላለፉ እንደነበር ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1941 ሕንፃው ተቃጥሎ ብዙ ጉዳት ደረሰበት። ኋላ ግን የፀሐይ ሰዓቱ ታደሰ እንጂ በሌላ አልተተካም። ዛሬ ሰዓት ለማወቅ ብሎ ወደ ግድግዳው የሚያንጋጥጥ ሰው እኮ የለም፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው። ግን ያ ግድግዳ ባዶ ቢሆን ኖሮ ስለ ሁለቱ ሰዓቶች ማን ያስታውሰን ነበር?

መኪናና ስሙ

ከገበያው ወጥተን ጥቂት ብንራመድ ኢትዮጵያ መንገድ እንደርሳለን። ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ባለችበት በዚያው መንገድ፣ ዕብራይስጥን የዕለት መነጋገሪያ ለማድረግ የደከሙት ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ይኖሩ ነበር። ልጃቸው ኢታማር ቤን አቪ ደግሞ ለአዲሱ ተሽከርካሪ «መኾኒት» የሚለውን ስም ያወጣ ሰው ነው። ስሙ ከ«መኾና» የመጣ ነው። መኾና በመጽሐፍ ቅዱስ ሰሎሞን ለቤተ መቅደሱ ያሠራው የናስ መቀመጫ ሲሆን፣ እያንዳንዱ መቀመጫ አራት መንኮራኩር ነበረው። የእኛው «መኪና» ደግሞ የመጣው ከጣሊያንኛ ነው።

የጋራዥ ቋንቋችንን ብናዳምጠው ራሱ ታሪክ ነው። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ ከጣሊያን መጡ፤ ጌጅ ከእንግሊዝኛ። ቃሉ ማን እንዳመጣው ይናገራል። ዳሽቦርዱም እንደዚሁ ነው። የተጻፈበት ማይል ይሁን ኪሎሜትር፣ ሙቀቱ በፋረንሃይት ይሁን በሴንቲግሬድ፣ ፊደሉ የላቲን ይሁን የሩሲያ፣ መኪናው ከየት እንደመጣና ለማን እንደተሠራ የሚያሳይ ወረቀት ነው ማለት ይቻላል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው መኪና በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤንትሊ በተባለ እንግሊዛዊ አማካይነት ለዳግማዊ አጤ ምኒልክ ደረሰ። ነገር ግን የገጠሩን ሰው ከመኪና ጋር በደንብ ያስተዋወቁት እንዲህ ያሉ የከተማ መኪኖች አይደሉም። መንገድ ባለበትም በሌለበትም የሚሄዱት ናቸው።

ጌጁ ለምን መሀል ላይ ሆነ?

የእነዚህ መኪኖች ሁሉ ታላቅ ወንድም ጂፕ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዊሊስና ፎርድ የተባሉት ፋብሪካዎች ወደ 640,000 የሚጠጋ ጂፕ አመረቱ። በዳሽቦርዱ መካከል አምስት ክብ ጌጆች ነበሩት፦ ፍጥነት፣ ነዳጅ፣ የዘይት ግፊት፣ የውሃ ሙቀትና አምፔር። እዚህ አገርም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በሃይፋ የነበረው የካይዘር ፍሬዘር ፋብሪካ ጂፕ ይገጣጥም ነበር። በኢትዮጵያም ሠራዊቱ ጂፕ ነበረው፤ በደርግ ዘመን ደግሞ ሰዉ «ዋዝ» የሚለው የሶቪየት መኪና ብዙ ቦታ ይታይ ነበር።

ላንድሮቨር የተወለደው ከጂፕ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ እርሻቸው ላይ ከጦርነት የተረፈ ጂፕ ይጠቀሙ ነበር። ለገበሬ የሚሆን እንዲህ ያለ መኪና ለምን አንሠራም ብለው ተነሡ። የመጀመሪያው ሙከራ በጂፕ ሻንሲ ላይ የተሠራ ሲሆን መሪው በግራም በቀኝም ሳይሆን መሀል ላይ ነበር። ለሁሉም አገር ይሆናል ተብሎ ነው። ያ ሐሳብ ቀረና እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1948 ላንድሮቨር በአምስተርዳም ትርኢት ላይ ሲቀርብ መሪው ወደ አንድ ጎን ሄዶ ነበር። ጌጆቹ ግን መሀል ላይ ቀሩ። መሪው በግራ ቢሆን በቀኝ፣ ያው አንድ ዳሽቦርድ ያገለግላል ማለት ነው። ጌጆቹ ከሾፌሩ ፊት ለፊት የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1971 ሦስተኛው ሲሪየስ ሲመጣ ነው።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ታሪክ ምን ያደርጋል? ብዙ ወጣቶች አያውቁትም እንጂ፣ በኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ መኪና የሚነዳው በመንገዱ ግራ በኩል ነበር። በዚያ ዓመት ወደ ቀኝ ተዛወረ። ኬንያ እስከ ዛሬ በግራ ትነዳለች፤ ሱዳን የተዛወረችው ከኢትዮጵያ በኋላ ነው። እንግዲህ ከ1956 ዓ.ም. በፊት የተሠራ ላንድሮቨር ያለውን ሰው አስቡት። የመንገዱ ሕግ ተለወጠ፤ ዳሽቦርዱ ግን ለግራውም ለቀኙም ያው ነው። መሪውን ማዛወር ቢፈለግ እንኳ መኪናው ከመጀመሪያው ለሁለቱም ተብሎ ስለተሠራ ጌጁን መንካት አያስፈልግም ነበር። መሀል ላይ የተቀመጡት እነዚያ ክብ ጌጆች፣ ዓለም በየትኛው ጎን እንደሚነዳ ባልተስማማበት ዘመን የተሠሩ መሆናቸውን ራሳቸው ይናገራሉ። ታዲያ አንድ ልጅ ተነሥቶ መሀሉን በቆርቆሮ ደፍኖ ከመሪው ፊት ለፊት ስክሪን ቢገጥም፣ መኪናው ይሄዳል፤ ይህ ምስክርነት ግን ይጠፋል።

የሙቀት ጌጅና ሊማሊሞ

«ጌጅ ጌጥ ነው፤ ድሮ ሾፌር በጆሮው ነበር የሚነዳው» የሚሉም አሉ። እስቲ ከደባርቅ ወደ ዛሬማ የሚወስደውን የሊማሊሞን መንገድ እናስበው። ያን ጠመዝማዛ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ አሮጌ መኪና በዝቅተኛ ማርሽ ለረጅም ጊዜ ይለፋል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ኢየሩሳሌም ላይ 97 ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት በደንብ የሚይዝ ከሆነ ውሃው ቶሎ አይፈላም፤ ክዳኑ ካረጀ ግን ቆላ ላይ ደህና የሆነ ሙቀት ደጋ ላይ ያፈላል። ስለዚህ ቁጥር ያለው የሙቀት ጌጅና «ቀዝቃዛ» እና «ሙቅ» ብቻ የሚል ጌጅ አንድ አይደሉም። በዚያ መንገድ ላይ መቼ ቆሞ ሞተሩን ማሳረፍ እንዳለበት ለሾፌሩ የሚነግረው ያ ትንሽ ጠቋሚ ነበር።

ከመንቀላችን በፊት

ጌጅ ሲበላሽ መለወጥ ነውር አይደለም። የማይሠራ የዘይት ጌጅ ይዞ መንዳት ሞተር ማቃጠል ነው። ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆን፣ ከመንቀላችን በፊት የሚከተሉትን ማወቅ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ሁለት ጌጅ አብሮ ከተሳሳተ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የጌጆቹ አይደለም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የብዙ እንግሊዝ ሠራሽ መኪኖች የነዳጅና የሙቀት ጌጅ የሚሠራው በመሞቅ በሚታጠፍ ቀጭን ብረት ነው። ኤሌክትሪኩ የሚደርሳቸው ወደ 10 ቮልት በሚያወርድ አንድ ትንሽ መሣሪያ በኩል ነው። እሱ ሲበላሽ ሁለቱም አብረው ይዋሻሉ። እሱን ብቻ መለወጥ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ የቆዩት ላንድሮቨሮች የባትሪያቸው ፖዘቲቭ ነው ከቦዲ ጋር የሚያያዘው፤ የዛሬዎቹ በተቃራኒው ናቸው። ይህን ሳያጣሩ የኤሌክትሮኒክ ጌጅ የገጠመ ሰው ወዲያው ሊያቃጥለው ይችላል። የጦርነቱ ዘመን ጂፕ ደግሞ ባለ 6 ቮልት ነው።

ሦስተኛ፣ በድሮው የአምፔር ጌጅ ውስጥ የመኪናው የኤሌክትሪክ ጉልበት አብዛኛው ያልፋል። ዲናሞውን አውጥቶ ትልቅ ኦልተርኔተር የገጠመ ሰው ያንኑ ጌጅ እንዳለ ቢተወው ሽቦው ሊግልና ሊቃጠል ይችላል። እዚህ ላይ የቮልት ጌጅ መጨመር ተገቢ ነው።

አራተኛ፣ የፍጥነት ጌጁ የሚዞረው ከካምቢዮ በኩል በሚመጣ ገመድ ነው። ጎማው ከመጀመሪያው ከተለቀ ጌጁ ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ያሳያል። ከሌላ መኪና የወጣ ጌጅም የገመዱ ዙር ካልገጠመ ቢያምርም ይዋሻል።

አምስተኛ፣ ይህ የጤና ጉዳይ ነው። በድሮ የጦር ተሽከርካሪዎችና አውሮፕላኖች ጌጅ ላይ በጨለማ እንዲያበራ ራዲየም ያለበት ቀለም ይቀባ ነበር። ቀለሙ ማብራቱን ቢያቆምም ጨረሩ አይቆምም፤ ራዲየም ግማሹ ለመጥፋት 1,600 ዓመት ይፈጅበታል። እንዲህ ያለ ጌጅ መስታወቱን ከፍቶ መፋቅና ማጽዳት ክልክል ነው። ለሚያውቅ ሰው መስጠት ነው።

የመጨረሻው የኪሎሜትር ቆጣሪው ነው። ብዙዎቹ አሮጌ ቆጣሪዎች አምስት አኃዝ ብቻ ስላላቸው 99,999 ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳሉ። ቢሆንም በላዩ ያለው ቁጥር የዚያ መኪና የሕይወት ታሪክ ነው። ሐኪም ወይም የመንገድ መሐንዲስ ይዞት የዞረው አገር ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። አዲስ ቆጣሪ በዜሮ ገጥሞ የድሮውን ቁጥር ሳይናገር የሚሸጥ ሰው ደግሞ ገዢውን ብቻ ሳይሆን ታሪክንም ያታልላል።

የእኛ ሐሳብ

የአሮጌ መኪና ወዳጆች በዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተ ፊቫ የሚባል ፌዴሬሽን አላቸው። ፌዴሬሽኑ ታሪካዊ የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውንና እንደ ጥንቱ የተጠበቀውን መኪና ነው። የቱሪን ቻርተር ተብሎ የሚታወቀው ሰነዱም ከመለወጥ መጠገን እንዲቀድም፣ የተለወጠ ዕቃ ካለ እንዲታወቅና የተሠራው ሥራ በጽሑፍ እንዲቀመጥ ይመክራል። ምክሩ ለሀብታም ሰብሳቢ ብቻ አይደለም፤ ለእኛም ይሠራል።

ስለዚህ ወጣቶቻችንን አትለውጡ አንልም። ቅድሚያ ጠግኑ። ካልሆነ ለውጡ፤ ግን አዲሱን ከድሮው ጎን ጨምሩት እንጂ በድሮው ላይ አትድፈኑት። የነቀላችሁትን ጌጅ አትጣሉት፤ ቀኑንና የቆመበትን ቁጥር ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡት። መኪናው ከአባት ወይም ከአጎት የመጣ ከሆነ ደግሞ እሱ በሕይወት እያለ የት የት እንደነዳው ጠይቁትና እዚያው ወረቀት ላይ አስፍሩት። ወላጆቻችን ብዙ መንገድ የተጓዙ ሰዎች ናቸው፤ የጉዟቸው ማስረጃ ግን በእጃችን ያለው ጥቂት ነው። ያን ጥቂት በገዛ መፍቻችን ነቅለን እንዳንጥለው አደራ።